ያደገ ፕሮስቴትና የዕፅዋት መድኃኒቶች፦ ለአንድ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የ64 ዓመት ጡረተኛ ነኝ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ሽንቴ ቶሎ አይመጣልኝም፤ ሲመጣም ቀጭን ነው፤ ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ያስነሣኛል። በአልትራሳውንድ ፕሮስቴትህ 48 ግራም ነው ተብዬ ታምሱሎሲን ታዘዘልኝ፤ ነገር ግን ከአልጋ ስነሣ ስላዞረኝ በሦስተኛው ሳምንት ተውኩት። አሜሪካ ያለው ልጄ ሶ ፓልሜቶ የሚባል እንክብል ልኮልኛል፤ አንድ ዘመዴ ደግሞ የጥቁር እንጨት ቅርፊት ቀቅዬ እንድጠጣና የዱባ ፍሬ እንድበላ መክሮኛል። ለደም ግፊት መድኃኒትና አነስተኛ አስፒሪን በየቀኑ እወስዳለሁ። ሐኪም ያዘዘልኝን ትቼ በእነዚህ ብቻ ብቀጥል ይጎዳኛል?»

ምላሽ፦ ጠያቂያችን፣ ዋናውን ነገር ላስቀድም። እንክብሉና የዱባው ፍሬ ሌላ ሕመም ለሌለበት ሰው ብዙ ጉዳት የሚያመጡ አይደሉም፤ የተቀቀለውን ቅርፊት ግን አልመክርም። ከሦስቱ አንዳቸውም ያደገውን ዕጢ እንደሚያሳንሱ፣ ወይም ውሎ አድሮ ሽንት ጨርሶ እንዳይዘጋና ኩላሊት እንዳይጎዳ እንደሚከላከሉ በጥናት አልተረጋገጠም። ስለዚህ ምልክትዎን ለማቅለል ቢሞክሯቸው አልቃወምም፤ የሕክምናውን ቦታ ተክተው ክትትልዎን እንዲያቋርጡ ካደረጉዎት ግን ጉዳቱ ከዕፁ ሳይሆን ከሚባክነው ጊዜ ይመጣል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በላኩት ጽሑፍ የአልትራሳውንዱ ውጤት አለ፤ የሌሎቹ ምርመራዎች ግን አልተጠቀሱም። ያልተደረጉ ከሆነ ከማንኛውም ዕፅ በፊት መቅደም ያለባቸው እነርሱ ናቸው። የሽንት ምርመራ ኢንፌክሽን፣ ደምና ስኳር መኖር አለመኖሩን ያሳያል፤ የክሬያቲኒን ምርመራ ኩላሊትዎ በሽንት መጠራቀም ተጎድቶ እንደሆነ ይነግረናል፤ ሐኪሙ በፊንጢጣ በኩል በጣቱ የሚያደርገው ምርመራና ፒኤስኤ የሚባለው የደም ምርመራ ደግሞ ካንሰር የሚያጠራጥር ነገር ካለ ለማወቅ ይረዳሉ። ከሸኑ በኋላ ፊኛዎ ውስጥ ምን ያህል ሽንት እንደሚቀርም በዚያው በአልትራሳውንድ መለካት ይቻላል፤ ሐኪሙ ለይቶ ካላዘዘው ግን ሳይለካ ሊታለፍ ስለሚችል፣ ውጤቱ ወረቀቱ ላይ መስፈሩን ይመልከቱ። በአገራችን እነዚህን ምርመራዎች መዝለል በተለይ ያሳስበኛል፤ የፕሮስቴትን ምልክት የሚመስሉ ሌሎች ሕመሞች ጥቂት አይደሉምና። በወጣትነት የያዘ ጨብጥ ከብዙ ዓመት በኋላ የሽንት ቱቦን አጥብቦ ሊገኝ ይችላል፤ በታችኛው አዋሽ ተፋሰስ የኖረ ሰው የፊኛ ቢልሃርዚያ ሊኖርበት ይችላል፤ የፊኛ ጠጠርም ሆነ ያልታወቀ የስኳር ሕመም ሰውን ደጋግሞ ያስሸናል። እነዚህን ሁሉ ሶ ፓልሜቶ አይነካቸውም።

ሕመሙ እንዴት እንደሚፈጠር ካወቅን የሻጮችን ቃል መመዘን ይቀለናል። ፕሮስቴት ከፊኛ ሥር፣ የሽንት ቱቦን ከብቦ የሚገኝ ዕጢ ሲሆን በወጣትነት ወደ 20 ግራም ገደማ ይመዝናል። ቴስቶስተሮን ዕጢው ውስጥ ዳይሃይድሮቴስቶስተሮን ወደሚባል ይበልጥ ብርቱ ሆርሞን እየተለወጠ ስለሚያሳድገው፣ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ከሚገኙ ወንዶች በግማሽ ያህሉ፣ 80 ዓመት ካለፉት ደግሞ በአብዛኞቹ ላይ ማደጉ በአጉሊ መነጽር ይታያል። ሽንቱን የሚያስቸግረው ግን የዕጢው ግዝፈት ብቻ አይደለም። በዕጢውና በፊኛው አንገት ላይ ያለው ጡንቻ ሲኮማተር ቱቦውን ይበልጥ ያጠበዋል፤ ለዓመታት እየገፋ የኖረ ፊኛም ግድግዳው ይወፍርና ጥቂት ሽንት ሲይዝ መቆጣት ይጀምራል። በዚህም የተነሣ 35 ግራም ዕጢ ያለው ሰው ሌሊቱን ሲነሣ ሲተኛ ሲያድር 90 ግራም ያለው ምንም ላይሰማው ይችላል። የእርስዎ 48 ግራም መካከለኛ ነው፤ ቁጥሩ ብቻውን ሊያስፈራዎት አይገባም። «ዕጢውን ያሟሟል» እየተባለ የሚሸጥ ነገር ሁሉ ግን ሁለት ጊዜ ሊጠረጠር ይገባዋል፤ አንደኛ ስለማያሟሟ፣ ሁለተኛ የዕጢው መጠን ከምልክቱ ክብደት ጋር እኩል ስለማይሄድ ነው። ይህ ዓይነቱ ማደግ ወደ ካንሰር አይለወጥም፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ጎን ለጎን ሊገኙ ግን ይችላሉ።

ልጅዎ የላከው ሶ ፓልሜቶ በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ፣ በተለይም በፍሎሪዳ፣ ከሚበቅል አጭር ዘንባባ ፍሬ የሚወጣ ቅባታማ ጭማቂ ነው። በላቦራቶሪ ሲሞከር ቴስቶስተሮንን የሚለውጠውን ኤንዛይም ስለሚገታ ትልቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ ቀደም ሲል የተደረጉ ትንንሽ ጥናቶችም አወድሰውታል። በ2006 ዓ.ም. ግን 225 ወንዶች ለአንድ ዓመት የተሳተፉበት፣ ከፊሎቹ እንክብሉን በቀን ሁለቴ 160 ሚሊ ግራም፣ ከፊሎቹ ደግሞ በመልክም በሽታም የሚመስለውን ባዶ እንክብል የወሰዱበት የአሜሪካ ጥናት በሁለቱ መካከል ልዩነት አላገኘም። «መጠኑ ስላነሰ ነው» የሚል ክርክር ተነሣ። ለዚህ ምላሽ የሆነው በ2011 ዓ.ም. የታተመው ጥናት 369 ወንዶችን አሳትፎ፣ መጠኑን በየደረጃው ከ320 እስከ 960 ሚሊ ግራም ከፍ እያደረገ ለ72 ሳምንታት ተከታተላቸው። ምልክቱ የሚለካው ከ0 እስከ 35 በሚደርስ ነጥብ ሲሆን፣ ዕፁን የወሰዱት በአማካይ 2.2 ነጥብ፣ ባዶውን የወሰዱት ደግሞ 3 ነጥብ ያህል ቀነሰላቸው። ሦስት እጥፍ ሆኖ እንኳ ባዶውን አልበለጠም ማለት ነው። ጥናቶችን በአንድነት የሚመዝነው ኮክሬን የተሰኘው ዓለም አቀፍ ድርጅትም በ2023 ዓ.ም. ባወጣው ዳግም ግምገማ ለሽንት ምልክት ያለው ጥቅም ከምንም የማይሻል ወይም እጅግ ጥቂት መሆኑን ደምድሟል።

ከዚህ ቁጥር ውስጥ ለእርስዎ ይበልጥ የሚጠቅመው፣ ባዶውን የወሰዱትም የተሻላቸው መሆኑ ይመስለኛል። የፕሮስቴት ምልክት በራሱ ጊዜ ይብሳል፣ በራሱ ጊዜ ይለዝባል። ሰው መድኃኒት የሚጀምረው ደግሞ በባሰበት ሰሞን ስለሆነ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ወር ብዙውን ጊዜ የተሻለ ነው። «እገሌ ወስዶት ዳነ» የሚለው ምስክርነት ውሸት ሳይሆን፣ ባይወስደውም ሊሻለው ይችል የነበረ ሰው ምስክርነት ሊሆን ይችላል። ጎረቤት ስለ ጎረቤት የሚነግረንን ወሬ በጥናት የምንፈትነው ስለዚህ ነው።

ለሚዛናዊነት ያህል የአውሮፓውያኑን አቋም ልጨምር። የአውሮፓ ዩሮሎጂ (የሽንት አካላት ሕክምና) ማኅበር መመሪያ ሄክሴን በሚባል ማሟሚያ ኬሚካል የተጣራውን የሶ ፓልሜቶ ዝግጅት ብቻ ነጥሎ፣ በተለይ በወሲብ ሕይወት ላይ የሚመጣ የጎንዮሽ ጉዳትን ለሚሸሹ ወንዶች፣ ጥቅሙ አነስተኛ ሊሆን እንደሚችል ተነግሯቸው ሊሰጥ ይችላል ይላል፤ ምክሩም ደካማ በሚባለው ደረጃ የተመደበ ነው። ያ ዝግጅት በፈረንሳይና በጎረቤቶቿ እንደ መድኃኒት ተመዝግቦ የሚሸጥ ሲሆን፣ በአሜሪካ ሱቆች መደርደሪያ ላይ የሚገኘው ግን በምግብ ማሟያነት የሚሸጥ ስለሆነ ከገበያ በፊት ጥቅሙን እንዲያስመሰክር አይገደድም። ከአንዱ ጠርሙስ ወደ ሌላው የይዘቱ ልዩነት ሰፊ ነው፤ አንዳንዱ የደረቀ ፍሬ ዱቄት እንጂ የተጣራ ቅባት እንኳ አይደለም። የልጅዎን ጠርሙስ ሲያዩ «የተጣራ ቅባታማ ዝግጅት 320 ሚሊ ግራም» የሚል ካልሆነ፣ ከላይ በጠቀስኳቸው ጥናቶች የተመረመረውን ነገር እንኳ እየወሰዱ አይደለም። የጎንዮሽ ጉዳቱ በአብዛኛው ቀላል የሆድ መረበሽ ነው፤ ከመድማት ጋር የተያያዙ ጥቂት የሕሙማን ዘገባዎች ስላሉ ግን አስፒሪን የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ሊናገር፣ ጥርስ ከማስነቀል ወይም ከቀዶ ሕክምና ሁለት ሳምንት በፊትም ሊያቆመው ይገባል። የፒኤስኤን ውጤት አያዛባም።

ስለ ጥቁር እንጨት ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ዛፉ የራሳችን ደኖች ዛፍ ነውና። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያና ከባሌ ደጋማ ደኖች አንሥቶ በምዕራብ እስከ ካሜሩን፣ በደቡብ እስከ ደቡብ አፍሪካና ማዳጋስካር ድረስ ይበቅላል። የቅርፊቱ ጭማቂ ለፕሮስቴት ሕመም በፈረንሳይ በ1966 ዓ.ም. የፈጠራ መብት ከተሰጠው በኋላ፣ ታደናን በሚባል ስም በእንክብል እየተዘጋጀ፣ ብዙውን ጊዜ በቀን ሁለት ጊዜ 50 ሚሊ ግራም ሲታዘዝ ኖሯል። ማስረጃው ከሶ ፓልሜቶ የተሻለ ይመስላል፦ 18 ጥናቶችንና 1,562 ወንዶችን ያጠቃለለው የኮክሬን ግምገማ የሌሊት ሽንት በ19 በመቶ፣ ከሸኑ በኋላ የሚቀረው ሽንት በ24 በመቶ መቀነሱን፣ የሽንቱ ፍጥነትም በ23 በመቶ መጨመሩን ዘግቧል። ነገር ግን ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ ረጅሙ እንኳ አራት ወር ገደማ ብቻ የቆየ ነው፤ ብዙዎቹም ዛሬ የምንጠቀምበትን የምልክት መለኪያ አልተጠቀሙም። ሶ ፓልሜቶም በዚህ ደረጃ ላይ ሳለ ጥሩ ይመስል እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል። ለጥቁር እንጨት እንደ 2011ዱ ያለ ትልቅ፣ ረጅምና ጥብቅ ፈተና አልተደረገለትም፤ ስለዚህ ተስፋ ሰጪ ብዬ እተወዋለሁ እንጂ የተረጋገጠ አልለውም።

ይህም ሁሉ የሚባለው ስለ እንክብሉ ነው። ዘመድዎ የመከሩት ቅቅል ሌላ ነገር ነው። በፋብሪካ የሚዘጋጀው እንክብል ቅባት በሚያሟሙ ኬሚካሎች ተስቦ የወጣ፣ በውስጡም ስቴሮልና መሰል ቅባታማ ውሁዶችን የያዘ ሲሆን፣ እነዚህ ውሁዶች በውሃ እምብዛም አይሟሙም። ቅርፊት በውሃ ሲቀቀል የሚወጣው በአብዛኛው የሚያኮማትረው ታኒንና ቀለሙ ነው፤ የተመሰከረለት ክፍል እጣቢው ላይ ቀርቶ ይጣላል። በዚያ ላይ ዛፉ የኮክና የመራራ ለውዝ ወገን ነው፤ የዚህ ወገን ዛፎች ፍሬ፣ ቅጠልና ቅርፊት ሲያናይድ ሊለቅ የሚችል አሚግዳሊን የሚባል ንጥረ ነገር ይይዛሉ። በማሰሮ ውስጥ ምን ያህል እንደገባ የሚለካው የለም። ተመርምሮ የተመዘነውን ትቶ ያልተመዘነውን መጠጣት በ64 ዓመት ዕድሜ፣ ከግፊት መድኃኒትና ከአስፒሪን ጋር፣ ትርጉም ያለው አይመስለኝም። ሌላም ቅሬታ አለኝ፤ ቅርፊቱ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ይደርቃል። በካሜሩን ለአውሮፓ ገበያ ሲባል እየተላጡ ብዙ ዛፎች በመድረቃቸው፣ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ንግዱ ለአደጋ የተጋለጡ ዕፅዋትንና እንስሳትን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገብቷል፤ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ከካሜሩን ማስገባቱን አግዶ ነበር። በየገበያው በዘንቢል የሚቀርበው ቅርፊት ከየትኛው ደን እንደመጣና እውነተኛው ዛፍ መሆኑን ሻጩ ራሱ ላያውቅ ይችላል።

የዱባ ፍሬ ከሦስቱ ለምግብነት የቀረበው ስለሆነ ብዙ አልከራከርበትም። በጀርመን 1,431 ወንዶች ለአንድ ዓመት በተሳተፉበት ጥናት፣ ጠዋትና ማታ አምስት አምስት ግራም ፍሬ የበሉት ባዶውን ከወሰዱት በመጠኑ ይበልጥ ተሽሏቸዋል፤ የሚገርመው፣ ከዚያው ፍሬ የተዘጋጀው እንክብል ግን ከባዶው አልበለጠም። እዚያ የተበላው ቅርፊት የሌለው የተለየ ዝርያ ነው፤ የእኛ ዱባ ፍሬ ተፈልፍሎ ሊበላ ይችላል። 10 ግራም ማለት አነስተኛ ጭብጥ ነው። የግፊት ሕመምተኛ ስለሆኑ ጨው ነስንሰው አይቁሉት፤ የሚሰጠው ጥቅም በሚጨምሩት ጨው እንዳይጠፋ። ቡና ሲጠጡ ከቆሎ ጋር ቀላቅለው ቢበሉት ምንም አይጎዳዎትም፤ ከዚህ በላይ ግን አይጠብቁበት።

ሳማን እርስዎ ባይጠይቁኝም ሌሎች ስለሚጠይቁኝ ላንሣው። በአውሮፓ ለፕሮስቴት የሚጠና፣ ብዙ ጊዜም ከሶ ፓልሜቶ ጋር ተደባልቆ የሚሸጠው የሳማ ሥር ነው፤ እሱም የአውሮፓው ዝርያ ነው። በሰሜን ሸዋና በሌሎች ደጋማ አካባቢዎች ወጥ የሚሠራበት ሳማ የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ ሌላ ዝርያ ሲሆን የሚበላውም ቅጠሉ ነው። ቅጠሉ ደግሞ ሽንት የሚያበዛ ነው፤ ስለዚህ ሌሊት ለሚያስነሣው ሰው ምሽት ላይ የሳማ ቅጠል አፍልቶ መጠጣት ከታሰበው ተቃራኒ ውጤት ሊያመጣ ይችላል። ወጡን ግን በምሳ ሰዓት ቢበሉት ማን ይከለክላል?

ከዕፅዋት የሚወጣው ቤታ ሲቶስቴሮል የተሰኘው ቅባታማ ንጥረ ነገርም በ1995 ዓ.ም. በ200 ጀርመናውያን ላይ ለስድስት ወር ተሞክሮ ምልክቱንና የሽንቱን ፍጥነት አሻሽሏል፤ የዕጢውን መጠን ግን አልቀነሰም። ጥሩ ጅምር ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተከተለው ማስረጃ ግን የሕክምና መመሪያ እስኪሆን አልጠነከረም። ጤና አዳም፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርትና የሽፈራው ቅጠል ለብዙ ነገር ቢወደሱም ለዚህ ሕመም እንዲታዘዙ የሚያበቃ ማስረጃ የላቸውም፤ በምግብ ውስጥ በተለመደው መጠን ግን ይቀጥሉባቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ ይመለከትዎታል። «ለፕሮስቴትና ለወንድ ኃይል» ተብለው በአንድነት የሚሸጡ እንክብሎችና ማር መሰል ቅልቅሎች ውስጥ ሲልዴናፊል፣ ማለትም የቪያግራ መድኃኒት፣ ሳይገለጽ ተጨምሮ በተለያዩ አገሮች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች በተደጋጋሚ ተይዟል። የግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው፣ ይልቁንም ለልብ ሕመም ናይትሬት ለሚወስድ፣ ይህ ግፊትን በድንገት አውርዶ ሊጥል ይችላል። በአሜሪካ ለፕሮስቴት ካንሰር ሕሙማን ይሸጥ የነበረው ፒሲ ስፔስ የተባለ የቻይና ዕፅዋት ድብልቅ በ2002 ዓ.ም. ከገበያ የተነሣው፣ ሲመረመር ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪንና ሰው ሠራሽ የሴት ሆርሞን ተገኝተውበት ነው። እነዚህ ሰዎች «ተፈጥሯዊ ነው» ተብለው ይወስዱት የነበረው በፋብሪካ የተሠራ ኪኒን ነበር ማለት ነው።

አሁን ስለተዉት ታምሱሎሲን። ይህ መድኃኒት የፊኛውን አንገትና የዕጢውን ጡንቻ የሚያላላ ስለሆነ የሚሠራው በቀናት ውስጥ ነው፤ ያዞረዎትም በጥቂቱ የደም ሥርንም ስለሚያላላና ከግፊት መድኃኒትዎ ጋር ስለተደመረ ይመስለኛል። ለዚህ መፍትሔ አለው። በየቀኑ ከአንድ ዓይነት ማዕድ፣ ለምሳሌ ከእራት፣ ግማሽ ሰዓት በኋላ መውሰድ፣ ሌሊት ሲነሡ አልጋው ጠርዝ ላይ ጥቂት ተቀምጦ መነሣት፣ ሐኪሙ የግፊት መድኃኒቱን ዓይነትና ሰዓት እንዲያይ ማድረግ፤ ይህም ካልሠራ የዚያው ወገን በሆነው በአልፉዞሲን መለወጥ ይቻላል። ከዕጢው መጠን አንጻር ፊናስቴራይድ ሊታሰብልዎ ይችላል፤ ዕጢውን የሚያሳንሰው ይህ ዓይነቱ መድኃኒት ነው፤ ሙሉ ጥቅሙ ግን እስከ ስድስት ወር ይፈጃል፣ በአንዳንዶች ላይም የወሲብ ፍላጎት ይቀንሳል። በ2003 ዓ.ም. ከ3,000 በላይ ወንዶችን ለዓመታት የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት፣ ፊናስቴራይድን እንደ ታምሱሎሲን ጡንቻ ከሚያላላው ከዶክሳዞሲን ጋር ማጣመር ሕመሙ የመባባሱን ዕድል በ66 በመቶ መቀነሱን፣ ሽንት ድንገት የመዘጋቱንና ቀዶ ሕክምና የመፈለጉን ዕድልም ማሳነሱን አሳይቷል። ለየትኛውም ዕፅ ይህን የሚመስል ማስረጃ የለም፤ የሁለቱ ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ፊናስቴራይድ ከመጀመርዎ በፊት ፒኤስኤ ይለካ፤ መድኃኒቱ ከወራት በኋላ ቁጥሩን በግማሽ ያህል ስለሚያወርደው መነሻው ካልታወቀ ካንሰር ሊሸፈን ይችላል። ወደፊት የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ካስፈለገዎትም፣ ታምሱሎሲንን ቢተዉት እንኳ ወስደውት እንደነበር ለዓይን ሐኪሙ ይንገሩ።

ሌሊት መነሣቱ ይበልጥ እንደሚያስቸግርዎ ከጽሑፍዎ ተረድቻለሁ፤ ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመዋጥዎ በፊት አንድ ሥራ ልስጥዎት። የመጠን ምልክት ያለበት የፕላስቲክ ጆግ ይያዙና ለሦስት ቀንና ሌሊት የሸኑትን ሁሉ ከነሰዓቱና ከነመጠኑ ይመዝግቡ። ከቀንና ሌሊቱ ሽንት ከአንድ ሦስተኛ በላይ የሚሆነው በእንቅልፍ ሰዓት የሚወጣ ከሆነና በእያንዳንዱ መነሣት ብዙ የሚሸኑ ከሆነ፣ ችግሩ የዕጢው ሳይሆን ኩላሊት በሌሊት ሽንት የማብዛቱ ነው፤ መንሥኤውም ቀን እግር ላይ የሚጠራቀም ፈሳሽ፣ የልብ ድካም፣ የስኳር ሕመም ወይም ምሽት ላይ የተወሰደ ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት ሊሆን ይችላል። በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ብቻ ከሆነ ግን ፊኛውና ዕጢው ይጠረጠራሉ። በጾም ወራት ሲመረመሩ የማያቸው ብዙ አረጋውያን ቀኑን ሙሉ ሳይጠጡ ውለው ማታ በአንድ ጊዜ ውሃውንና ሻዩን ይጠጣሉ፤ ሌሊቱን ሲነሡ ቢያድሩ የሚደንቅ አይደለም። የሚቻል ከሆነ ከመኝታ በፊት ላሉት ሦስት ሰዓታት ፈሳሽ ይቀንሱ፤ የምሽቱን ቡና ከአቦል በኋላ ያብቁ፤ እግርዎ የሚያብጥ ከሆነ ከሰዓት በኋላ እግርዎን ከፍ አድርገው ጥቂት ይረፉ።

ሌላው ከዕፅዋቱ ሁሉ ይበልጥ ልዩነት የሚያመጣው፣ ሽንትን የሚዘጋውን ነገር መተው ነው። ጫት የሚቅሙ ከሆነ መልሱን እዚያ ሊያገኙት ይችላሉ። በየመን ጤናማ ወንዶች ላይ በተደረገ ሙከራ ጫት መቃም የሽንትን ፍጥነት እንደሚቀንስ፣ ቀድሞ የጡንቻ ማላላያ መድኃኒት መውሰድም ይህን እንደሚያስቀር ታይቷል፤ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የፊኛውን አንገት ያኮማትራልና። ታምሱሎሲን እየወሰዱ መቃም አንዱ ሲከፍት ሌላው እንዲዘጋ ማድረግ ነው። ለጉንፋን ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዙ፣ ፕሱዶኤፌድሪን ወይም ክሎርፌኒራሚን ያለባቸው ኪኒኖችም ያደገ ፕሮስቴት ያለውን ሰው ሽንት ድንገት ሊዘጉ ይችላሉ፤ ስለዚህ ሲገዙ ሕመምዎን ለፋርማሲው ባለሙያ ይንገሩ። ሆድ ድርቀትም ፊኛውን ስለሚጫን ተልባና አትክልት መብላት እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ተልባውን ግን ቀን ይጠጡት።

ይህን ሁሉ ካነበቡ በኋላም እንክብሉን መሞከር ከፈለጉ እንዲህ ቢያደርጉ እመርጣለሁ። በመጀመሪያ ምርመራዎቹ ይጠናቀቁ። ከዚያ ሐኪምዎ ሰባት ጥያቄዎች ያሉትን የምልክት መለኪያ ያስሞላዎት፤ እስከ 7 ቀላል፣ ከ8 እስከ 19 መካከለኛ፣ 20ና ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። ውጤትዎ ቀላል ወይም መካከለኛ ከሆነ፣ የሚቀረው ሽንትም ብዙ ካልሆነና ኩላሊትዎ ደኅና ከሆነ፣ አንድ ዓይነት ዝግጅት ብቻ መርጠው ለሦስት ወር ይውሰዱ፤ ሁለት ሦስት ዕፅ በአንድ ጊዜ ከጀመሩ የጠቀመዎትንም የጎዳዎትንም ለይተው አያውቁትም። በሦስተኛው ወር መለኪያውን እንደገና ይሙሉ። ከ3 ነጥብ ያነሰ ለውጥ ሰው በኑሮው የማይሰማው ስለሆነ በዚያ ምክንያት ገንዘብ ማውጣቱን አይቀጥሉ። ጠርሙሱን ይዘው ለሐኪሙ ያሳዩ፤ መውሰድዎን ከእርሱ መደበቅ ብቻ ነው በፍጹም የማልስማማበት። ነጥብዎ 20 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ሙከራውን ትተው በቀጥታ ወደ ሕክምናው ይሂዱ።

ከዚህ በታች ያሉትን ምልክቶች ካዩ ሦስት ወር ቀርቶ ሦስት ቀንም አይጠብቁ። ሽንትዎ ደም ከቀላቀለ፣ ብርድ ብርድ እያለ ከሚያተኩስ ትኩሳት ጋር ካቃጠለዎ፣ ሳያውቁት ልብስዎን ወይም አልጋዎን ማርጠብ ከጀመረ፣ ያለ ምክንያት ከሲታ ከሆኑ ወይም የወገብዎ አጥንት ሌሊት መጠዝጠዝ ከጀመረ በዚያው ሰሞን ይታዩ። ሽንቱ ጨርሶ እምቢ ካለና እንብርትዎ ሥር ተወጥሮ የሚያምዎት ከሆነ ግን ምንም ነገር አይጠጡበት፣ በሙቅ ውሃም እየዘፈዘፉ ሰዓት አያባክኑ፤ ቀንም ይሁን ሌሊት በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሄደው በቱቦ እንዲወጣልዎት ያድርጉ።